ርካሽ የኩንግ ፉ ኮሜዲዎችን አጣጥሞ ለማየት፦ ከአመራረጥ እስከ አተያይ

በ1970ዎቹ መጨረሻ ሆንግ ኮንግ ውስጥ በጥቂት ገንዘብ የተሠሩትን የኩንግ ፉ ኮሜዲዎች ዛሬ የሚከፍት ሰው ብዙውን ጊዜ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላው ይዘጋቸዋል። አይፈረድበትም። የተዋናዩ አፍና ድምፁ አይገናኙም፤ የሽማግሌው ነጭ ፂም በሙጫ የተለጠፈ መሆኑ ከሩቅ ያስታውቃል፤ ቀልዱ አፍንጫ መጎርጎርና ቂጥ መመታት ላይ ይሽከረከራል፤ ታሪኩም «መምህሬን ገደልክ፣ ደሙን እመልሳለሁ» ከሚለው ብዙ አይርቅም።

ይህን ሁሉ እያየሁ ነው የምወዳቸው። ጉድለታቸውም ውበታቸውም የመጣው ከአንድ ምንጭ ነው፦ ገንዘብ አልነበረም፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ሰውነቱን የገራ ሰው ግን ሞልቶ ተርፎ ነበር። ስለዚህ ገንዘብ የሚፈልገው ሁሉ፣ ማለትም ልብሱ፣ ቤቱ፣ ድምፁ፣ ሙዚቃው፣ የታሪኩ ጽሑፍ፣ ቅጥ ያጣ ነው። ሰውነት የሚፈልገው ደግሞ ዛሬ በመቶ ሚሊዮን ዶላር ፊልም ውስጥ እንኳ ተፈልጎ የማይገኝ ነው። ከዚህ በታች ያለው አካሄድ ዐይናችሁ የቱ ላይ ማረፍ እንዳለበት ለማሳየት ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

1. ሽፋኑን አትመኑ፤ ዓመቱንና የሠሪዎቹን ስም እዩ

በዚህ ዓይነት ፊልም ሽፋን መዋሸት የተለመደ ሥራ ነበር። ብሩስ ሊ ሐምሌ 1973 ሲሞት ገበያው ሰውዬውን ገና አልጠገበውም ነበርና፣ አምራቾቹ መልኩ የሚመስላቸውን እየፈለጉ ስም አወጡለት። ብሩስ ሌና ድራጎን ሊ የሚባሉት ከዚያ የመጡ ናቸው። ጃኪ ቻን በ1978 ሲወጣ ደግሞ ተራው የእሱ ሆነ። ገና ስም ሳይኖረው የሠራው አንድ አሮጌ ፊልም ከመጋዘን ወጥቶ፣ እሱን በሚመስል ሰው አዳዲስ ትዕይንቶች ተቀርጸውበት፣ «ማስተር ዊዝ ክራክድ ፊንገርስ» ተብሎ በ1979 ገበያ ላይ ዋለ። ጀማሪ በዚህ ቢጀምር ጃኪን ለዘላለም ይጠላል።

ስሞችም ይምታታሉ። «ዳንስ ኦፍ ዘ ድራንክ ማንቲስ» የሚባለው የ1979 ፊልም የጃኪ የ1978 ፊልም የ«ድራንክን ማስተር» «ክፍል 2» እየተባለም ተሸጧል። ጃኪ ራሱ የተመለሰበት ሁለተኛው ክፍል ግን የወጣው በ1994 ነው። ሁለቱ መሀል አሥራ አምስት ዓመትና የትየለሌ ገንዘብ አለ። ዓመቱን ካያችሁ አትሸወዱም።

ርእሱ ውስጥ «ኒንጃ» የሚል ቃል ካለና ፊልሙ የ1980ዎቹ አጋማሽ ከሆነ ደግሞ ቀስ በሉ። ጎድፍሬይ ሆን የመሰሉ ዳይሬክተሮች ከሌላ አገር የተገዛ ፊልም ላይ ደማቅ ቀለም ያለው የኒንጃ ልብስ ያጠለቁ ፈረንጆችን ቀርጸው እየቀጠሉ ሸጠዋል። ፈረንጁ በስልክ የሚያነጋግረው ሰውዬ ከሌላ ፊልም የመጣ ነው፤ ሁለቱ አንድ ክፍል ውስጥ ሲገናኙ አታዩም። ይህም የራሱ ወዳጆች አሉት፤ ለመጀመሪያ ቀን ግን አይሆንም።

እንግዲህ ምን እንፈልግ? ዳይሬክተሩ ወይም የድብድቡ አቀናባሪ ዩን ዉ-ፒንግ፣ ሳሞ ሁንግ ወይም ላው ካር-ሉንግ ከሆነ ግቡበት። ከተዋንያኑ መሀል ሁዋንግ ጃንግ-ሊ የሚል ስም ካያችሁ፣ ሌላው ሁሉ ቢበላሽ የመጨረሻው ድብድብ ይክሳችኋል።

2. ቅጂው ያልተቆረጠ መሆኑን ፈትሹ

እነዚህ ፊልሞች መጥፎ ስም ካተረፉበት ምክንያት ግማሹ የፊልሞቹ ሳይሆን የቅጂዎቹ ጥፋት ነው። አብዛኞቹ የተቀረጹት በሰፊው የሲኒማ ቅርጽ ነው፤ ወርዱ ከቁመቱ 2.35 እጥፍ። የድሮው ቴሌቪዥን ግን 1.33 ነው። ስለዚህ ወደ ቪዲዮ ካሴት ሲገለበጡ ከምስሉ ከ40 በመቶ በላይ ተቆርጦ ቀረ። በድብድብ ፊልም ይህ ማለት አንዱ ሲመታ ሌላው የለም ማለት ነው። እግር ከግራ በኩል ይመጣል፣ የማን እንደሆነ አይታወቅም፤ በቀኝ በኩል ደግሞ የአንድ ሰው ክርን ሲወድቅ ይታያል። «አቀራረጹ የማይረባ ነው» የሚሉ ብዙ ሰዎች ያዩት ይህንን ነው።

ለመፈተሽ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። መጀመሪያ ላይ የተዋንያኑ ስም ሲጻፍ ሰዎቹ ረዝመውና ቀጥነው ይታዩ እንደሆነ ተመልከቱ። ስሞቹ አልቀው ታሪኩ ሲጀምር ድንገት ሰዎቹ «ከተስተካከሉ»፣ ቅጂው የተቆረጠ ነው፤ ስሞቹ እንዳይቆረጡ ብቻ ምስሉን ጨምቀውት ነበር። ሌላው ምልክት ሰብታይትሉ ነው፤ ዐረፍተ ነገሩ ከግራም ከቀኝም ፊደል ከጎደለው ምስሉም ጎድሏል። እንዲህ ያለውን ዝጉና ሌላ ፈልጉ።

ሰፊውንና የተስተካከለውን ማግኘት ዛሬ ከባድ አይደለም። የሻው ብራዘርስ ስቱዲዮን የፊልም ክምችት ሰለስቲያል ፒክቸርስ በ2000 ገዝቶ ብዙዎቹን አድሷቸዋል። ብሪታንያ ውስጥ ደግሞ ዩሬካ፣ 88 ፊልምስና አሮው የተባሉት አሳታሚዎች የዚህን ዘመን ፊልሞች በብሉሬይ ያወጣሉ። በነገራችን ላይ፣ የታደሰው ቅጂ የዊጉን ስፌትና የፂሙን ሙጫ ጭምር አጥርቶ ያሳያችኋል። እኔን አይረብሸኝም፤ እንዲያውም ሰዎቹ በዚያ ሙቀት ፂም ለጥፈው ሲገለባበጡ የዋሉበት ድካም ይበልጥ ይሰማኛል።

3. ቋንቋውን ወስኑ፣ ከዚያ እርሱት

ብዙዎች «ዋናው ድምፅ» የቱ እንደሆነ ይጨነቃሉ። ዋና ድምፅ የሚባል የለም። ሆንግ ኮንጎች በዚያን ጊዜ የሚቀርጹት ያለ ድምፅ ነበር። ርካሽና ፈጣን ነው፤ ዳይሬክተሩ እየጮኸ ማዘዝ ይችላል፣ ተዋናዩም የፈለገውን ቋንቋ ይናገራል። ድምፁ በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ በካንቶንኛ፣ በማንዳሪንና በእንግሊዝኛ ይለጠፍበታል። የቻይንኛውን ብትመርጡም ከአፉ የሚወጣው የሌላ ሰው ድምፅ ሊሆን ይችላል።

የእንግሊዝኛው ድምፅ እዚያው ሆንግ ኮንግ የሚኖሩ ጥቂት ፈረንጆች የሚሠሩት ነበር። አንዱ ሰው ክፉውንም፣ ሻይ ቤት ያለውን አሻሻጭም፣ ሽማግሌውንም ይናገራል፤ ከሦስትና አራት ፊልም በኋላ ድምፁን እንደ ጎረቤታችሁ ትለዩታላችሁ። ሰብታይትሉም የራሱ ታሪክ አለው፦ በ1963 የወጣ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሕግ ፊልሞች የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እንዲኖራቸው ያስገድድ ነበርና፣ ጽሑፉ በጥድፊያ፣ በጥቂት ክፍያ ተሠርቶ ይለጠፋል። ነጭ ጽሑፍ በነጭ ልብስ ላይ የሚያርፈው ለዚህ ነው።

ብቻችሁን ከሆናችሁ ካንቶንኛውን በሰብታይትል እዩ፤ ቀልዱ እዚያ ይሻላል። ከጓደኞች ጋር ከሆነ እንግሊዝኛው ራሱ ግማሽ ቀልድ ነው። የኛ አገር ቪዲዮ ቤቶች ውስጥ የሚታየው ይኸው የእንግሊዝኛው ነበር፤ ቋንቋውን የሚከታተል ሰው ባይኖርም «ማስተሩ» ማን እንደሆነ፣ «አክተሩ» መቼ እንደሚነሣ ለማወቅ የተቸገረ አልነበረም።

4. ከ1978 ጀምሩ

ሁለት ፊልሞች በተከታታይ፦ «ስኔክ ኢን ዘ ኢግልስ ሻዶው»፣ ከዚያ «ድራንክን ማስተር»። ሁለቱም በ1978 የወጡ፣ በአንድ ቡድን የተሠሩ ናቸው። ጃኪ ቻን እስከዚያ ድረስ ሎ ዌይ የተባለ ዳይሬክተርና አምራች ዘንድ ተቀጥሮ እንደ ብሩስ ሊ ኮስታራ እንዲሆን ሲገፋ የኖረ፣ ፊልሞቹም የማይሸጡለት ወጣት ነበር። ሎ ዌይ ንግ ሲ-ዩን ለሚባል አምራች ድርጅት፣ ለሲዝናል፣ በውሰት ሰጠው። ዳይሬክተሩ ዩን ዉ-ፒንግ ከዚያ በፊት ፊልም መርቶ የማያውቅ የድብድብ አቀናባሪ ነው፤ ዳዊት የደገመ ያህል ዱላ የሚያውቀውን ለማኝ ሽማግሌ የሚጫወቱት ደግሞ የገዛ አባቱ፣ ዩን ሲዩ-ቲን ናቸው። ማንም ብዙ የሚከስረው ነገር አልነበረም። ጃኪ የሚርበው፣ የሚፈራ፣ ተመትቶ እጁን የሚያራግብ ልጅ እንዲሆን ተፈቀደለት፤ ኮሜዲው የተገኘውም ከዚያ ነው።

በመጀመሪያው ፊልም ሙዚቃው ያስደነግጣችኋል። የድሮ ቻይና መንደር ውስጥ ድንገት የፈረንሳዊው የዣን-ሚሼል ዣር የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ይመጣል፤ ከ1976 አልበሙ የተወሰደ ነው። ከፈረንጅ ሸክላ ላይ ሙዚቃ አንስቶ መለጠፍ የዚያን ጊዜ ልማድ ነበር። ሳቁና እለፉ።

5. የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ተሻገሩ

ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ነው። ዲን ሼክ የሚባል ተዋናይ አለ፤ በ«ድራንክን ማስተር» ረዳት አስተማሪ፣ በ«ፊየርለስ ሃይና» ሬሳ ሳጥን ሻጭ ሆኖ ይመጣል። ዐይኑን ያጉረጠርጣል፣ አፉን ያጣምማል፣ ይጮኻል። በሆንግ ኮንግ ተመልካች ዘንድ የተወደደ ሰው ነበር፤ ለእኔ ግን እስካሁን አልሆነልኝም። እሱ ሲመጣ ሻይ አፍሉ።

አንድ ነገር ግን እንዳታሳልፉ፦ የመክፈቻውን ትርኢት። በብዙዎቹ ፊልሞች ስሞቹ ሲጻፉ አንድ ሰው፣ አንዳንዴም ሁለት፣ ባለ አንድ ቀለም መጋረጃ ፊት ቆመው የኩንግ ፉ ስልት ያሳያሉ። ወጪው አንድ መጋረጃ ነው። ነገር ግን ይህ የፊልሙ መዝገበ ቃላት ነው፤ እዚህ የምታዩት የእጅ አያያዝ በመጨረሻው ድብድብ ተመልሶ ይመጣል። የእባቡን እጅ፣ የንስሩን ጥፍር፣ የሰካራሙን ዋንጫ አያያዝ እዚህ ያዙ። ያን ጊዜ መጨረሻ ላይ ጀግናው ስልቱን ሲለውጥ ማንም ሳይነግራችሁ ትረዳላችሁ።

6. ድብድቡን ማየት

እዚህ ላይ አትቸኩሉ፤ የመጣችሁት ለዚህ ነው።

መጀመሪያ እግር እዩ። ሁላችንም የምናየው ቡጢውን ነው። በእነዚህ ፊልሞች ካሜራው ራቅ ብሎ ሙሉ ሰው ያሳያል፤ እግሩ የት እንደሚያርፍ ስታዩ ሰውየው ቀጣዩን ምት ከሁለት እርምጃ በፊት እያዘጋጀ መሆኑ ይገለጥላችኋል።

ቀጥሎ ቁጠሩ። ምስሉ ሳይቆረጥ ስንት ምት፣ ስንት መከላከል አለ? ዛሬ ካሜራው በየምቱ ይቆረጣል፤ እዚህ አሥርም ሃያም እንቅስቃሴ በአንድ ትንፋሽ ይሄዳል። ሁለቱ ሰዎች ይህን ሁሉ በቃል ይዘውታል፤ አንዱ ቢሳሳት ሌላው እውነተኛ ርግጫ ፊቱ ላይ ያገኛል።

ፍጥነቱ አንዳንዴ የውሸት መሆኑንም እወቁ። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ይታያል፤ በ20 ወይም በ22 ቀርጸው በ24 ሲያሳዩት ሁሉ ይፈጥናል። ለመለየት ተደባዳቢዎቹን ትታችሁ አቧራውን፣ የልብሱን እጅጌ፣ ከኋላ የሚያልፈውን ሰው እዩ። አቧራው ቶሎ ከወረደ ተፋጥኗል። ይህ ማጭበርበር ነው ብሎ የሚቆጣ አለ፤ እኔ ግን ፍጥነቱን ብቻ እንጂ ሚዛኑን ማጭበርበር እንደማይቻል አስባለሁ። በአንድ እግሩ ቆሞ በሌላው ሦስቴ የሚራገጥ ሰው፣ ቢፋጠንም ባይፋጠንም፣ በአንድ እግሩ ቆሟል።

አንዴ ደግሞ ድምፁን ዝጉ። ልብስ ሲወዛወዝ «ፉፍ»፣ እጅ ሲያርፍ «ጧ» የሚለው ከአንድ የድምፅ ክምችት የተቀዳ ነው፤ በየፊልሙ ያው ነው። ሲጠፋ የሚቀረው ጭፈራ ይመስላል፤ ያ ደግሞ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ጃኪ ቻን፣ ሳሞ ሁንግና ዩን ቢያኦ ያደጉት ሆንግ ኮንግ ውስጥ ዩ ጂም-ዩን በሚመሩት የፔኪንግ ኦፔራ ትምህርት ቤት ነው። ጃኪ እዚያ አሥር ዓመት ኖሯል። መገለባበጥ፣ በእጅ መቆም፣ ጦርና ጎራዴ ማሽከርከር፣ መዝፈን፤ ዱላ የቀለባቸው ያህል ነበር። ተምረው ሲወጡ ኦፔራውን የሚያይ ሰው ጠፋ። ስቱዲዮዎቹ በር ላይ ለስታንት፣ ማለትም ለመውደቅና ለመገለባበጥ ሥራ፣ የተሰለፉት እነዚህ ወጣቶች ናቸው። ድሃው ፊልም ያን ሁሉ ችሎታ በቀን ደመወዝ አገኘው።

ለሙከራ «ድራንክን ማስተር» ውስጥ መላጣው ሰውዬ የሚመጣበትን ድብድብ ምረጡ። ሰውዬው መሣሪያው ግንባሩ ነው፤ የሚያውቀው ቴስታ ብቻ ነው። ጃኪ ያን ጭንቅላት ምን ያድርገው? በጡንቻ እንደማይቻል ሲያውቅ ይቀልድበታል፣ ይሸሸዋል፣ ያናድደዋል፤ እያንዳንዱ ቀልድ ራሱ ምት ነው። ታሪኩ ቆሞ ቀልድ የሚጀምርበት፣ ቀልዱ አልቆ ድብድብ የሚጀምርበት ቦታ የለም። የጥሩ ኩንግ ፉ ኮሜዲ መለኪያዬ ይኸው ነው፤ ቀልዱን ከድብድቡ መለየት ከተቻለ ፊልሙ ደካማ ነው።

ክፉውን ሰው ደግሞ ለብቻው ተመልከቱት። ሁዋንግ ጃንግ-ሊ ኮሪያዊ የቴኳንዶ ባለሙያ ነው፤ በሁለቱም የ1978 ፊልሞች ጠላቱ እሱ ነው። ዙሪያው ሁሉ ሲቀልድ ፊቱ ጥርስ አያሳይም። እግሩ ከተነሣ በኋላ ሳይወርድ ደጋግሞ ይመታል። ሳቃችሁ የሚቆመው እሱ ሲገባ ነው፤ ፊልሙም ሥጋት የሚኖረው በእሱ ብቻ ነው። ክፉውም ቀልደኛ የሆነበትን ፊልም ስታገኙ ልዩነቱ ወዲያው ይገባችኋል።

7. ልምምዱን አታሳልፉ

ጀግናው የሚሠለጥንበት ክፍል ለብዙዎች መሙያ ይመስላቸዋል። እኔ ከድብድቡ ቀጥሎ የምወደው እሱን ነው። በ«ድራንክን ማስተር» ጃኪ እንጨት ላይ በእግሩ ተንጠልጥሎ፣ ጭንቅላቱ ወደ ታች፣ በሁለት እጁ ትንንሽ ሲኒ ይዟል። ከታች ካለው ባልዲ ውሃ ይቀዳል፣ በሆዱ ኃይል ወደ ላይ ይታጠፋል፣ እግሩ አጠገብ ያለው ባልዲ ውስጥ ይገለብጣል፣ ተመልሶ ይወርዳል። ሲኒዋ የምትይዘው ጉንጭ የማትሞላ ውሃ ነው። ገመድ የለም፣ የካሜራ ዘዴ የለም፤ እንጨት፣ ባልዲና የሰው ሆድ ብቻ። የሆዱን ጡንቻ እዩ፣ ፊቱ እንዴት እንደሚቀላ እዩ። ሽማግሌው አጠገቡ ተቀምጠው መጠጣቸውን ይጠጣሉ።

8. ከሰው ጋር፣ በተለይ ከልጆች ጋር ስታዩ

አስቀድማችሁ ብቻችሁን እዩት። ቀልዶቹ ውስጥ በአካል ጉዳተኛ፣ በመልከ ጥፉ ሴት፣ በተንተባታቢ ላይ የሚሳቁ አሉ፤ ዘመኑ ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል፣ ለልጅ ግን ማስረዳት ያስፈልጋል። «ስኔክ ኢን ዘ ኢግልስ ሻዶው» ውስጥ ድመትና እባብ የሚፋለሙበት ትዕይንት የተቀረጸው በእውነተኛ እንስሳት ነው፤ እንስሳ የሚወድ ሰው አጠገባችሁ ካለ ዝለሉት። ሴቶችም ብዙውን ጊዜ የሚገቡት ለመጮህ ነው። ለዚህ ማካካሻ የሚሆነው የላው ካር-ሉንግ «ማይ ያንግ አንቲ» ነው፣ 1981። በዕድሜ የምታንስ፣ በጋብቻ ግን የሁሉም አክስት የሆነች ሴት ሸበቶውን ሁሉ አንቀጥቅጣ ትገዛለች። ካራ ሁይ በዚህ ሥራዋ በመጀመሪያው የሆንግ ኮንግ ፊልም ሽልማት ምርጥ ተዋናይት ተብላለች።

ፊልሙ ጠላት በወደቀበት ቅጽበት ድንገት ሊያልቅ ስለሚችል ሰዎቹን አስጠንቅቁ። መሰነባበቻ፣ ሠርግ፣ ምክር የለም። መብራቱን ለማብራት ተዘጋጁ።

9. ከዚያ ወዲያ

የ1979ኙ «ማግኒፊሰንት ቡቸር» ጥሩ ቀጣይ ነው። ኳን ታክ-ሂንግ ከ1949 ጀምሮ ዎንግ ፌ-ሁንግ የተባለውን የታወቀ ተዋጊና ሐኪም ከ70 በሚበልጡ ፊልሞች የተጫወቱ አንጋፋ ናቸው፤ እዚህም ሊደበድባቸው የመጣውን ሰው እየተከላከሉ በብሩሽ የቻይንኛ ጽሕፈታቸውን ይጽፋሉ። ከእሱ በኋላ የሳሞ ሁንግን «ፕሮዲጋል ሰን» (1981) እዩ፤ ገንዘቡም ታሪኩም ሻል ይላል፣ አስማ ያለበት የኦፔራ ተዋናይ ዊንግ ቹን የሚባለውን የኩንግ ፉ ስልት ሲያሳይ ቀልድና ሐዘን አብረው ይመጣሉ።

ዐይናችሁ መሠልጠኑን ለመፈተን ደግሞ ሁለቱን «ፊየርለስ ሃይና» አከታትሉ። የመጀመሪያውን (1979) ጃኪ ራሱ መራው፤ እየሳቀና እያለቀሰ የሚደባደብበት ስልት አለው። ሁለተኛው (1983) ግን ጃኪ ሥራውን ጀምሮ ጎልደን ሃርቨስት ወደሚባለው ሌላ ስቱዲዮ ስለሄደ፣ በምትክ ሰዎችና ከመጀመሪያው ፊልም በተቀነጨቡ ምስሎች ተሞልቶ የወጣ ነው። ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ፤ ጀርባውን ሰጥቶ የሚደባደበው፣ ፀጉሩ ፊቱን የሸፈነው፣ በጨለማ የሚያልፈው ማን እንደሆነ ምልክት አድርጉ። እግሩን ካያችሁ ፊቱን ማየት አያስፈልጋችሁም።